ፍላሽ የማይፈልጉት ሙሽሮች

ወንዴ ጎንደር ከተማ ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ፎቶ አንሺ ነው። አሮጌ ዲጂታል ካሜራው ግን ዛሬ ፈላጊ የለውም፤ ሙሽራ ፊቷ በስልክ ማሳመሪያ እንደ ሸክላ ተወልውሎ ካልወጣ «ይህ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ሥልጣኔ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው! ሚስቱ ብርቄ ለካሜራው ገዢ ስታገኝለት፣ «መጀመሪያ ኮከብ ላንሳበት» ብሎ ለመናትና የከተማ መብራት ወደማይደርስበት ወደ መካነ ብርሃን፣ አባቷ ቤት ሄዱ።

እንደመሸ ካሜራውን የገብስ ጆንያ ላይ አጋድሞ ወደ ሰማይ አዞረው። የሠርግ ቤት እጅ አይደል? ፍላሹን ቦግ አደረገው!

«ምነው ልጄ፣» አሉ አማቱ አያ ሰጠኝ እየሳቁ፣ «ለፈጣሪ መብራት ልታበድረው ነው?»

ፎቶው ድፍን ጥቁር ወጣ።

«ሸጋ ነው! ከሰል አነሳህ» አለች ብርቄ።

ወንዴ ፍላሹን አጠፋና ካሜራው ግማሽ ደቂቃ ያህል ብርሃን እንዲያስገባ አድርጎ ደገመ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ስክሪኑ ላይ ዓይናቸው ያላየው ሁሉ ወጣ፤ ከዋክብቱ እንደ ጤፍ ተበትነው፣ በመካከላቸው ነጭ የብርሃን ጎዳና ከተራራ ተራራ ተዘርግቶ። አያ ሰጠኝ አማተቡ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሥር ነው የተኛሁት?»

ብርቄ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ለገዢው ደወለች።

«ወንድሜ፣ ካሜራው አይሸጥም፤ ሥራ ይዟል።»