በፈቃዴ ብዬ የጻፍኩት

የማኅተም ቀለም በሸተተኝ ቁጥር የአባቴ አውራ ጣት ይታየኛል። ናዝሬት በምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ከገጠር የሚመጡ ቅጾችን አርሜ የማሳልፈው እኔ ነኝ፤ ያ ሽታ ደግሞ ከየገጹ ይወጣል።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከቆቃ ወዲህ ካለው ቀያችን አስነሥተው አዲስ መንደር አሰፈሩን። አባቴ የቤታችንን ጣሪያ በገዛ እጁ አውርዶ፣ ማገሩን ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ መልሶ አቆመው። ቤቶቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው ነበር፤ ውሃ ግን አልነበረም። አዋሽ ድረስ ሄደን የምንቀዳው ድፍርስ ውሃ ታናሽ እህቴን ጫልቱን ሆዷን አመማት፤ ተቅማጡ አልቆም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ቆማ መሄድ አቃታት።

በዚያው ሰሞን የአንድ ድርጅት ላንድሮቨር መጣ። የወረደችው ወይዘሪት ረጋ ያለች ነበረች። ግራሩ ሥር ሰብስባን፣ በአስተርጓሚ፣ "የእጅ ፓምፕ ልንተክልላችሁ እንችላለን። ግን ድርጅታችን ሰው ተገዶ በሰፈረበት አይተክልም። እውነቱን ንገሩን" አለች። ኦቦ ቱፋ የሚባሉት ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ "ልጄ፣ ውሃውን አስቀድሙልን፤ እውነቱን ጠጥተን ስናበቃ እንነግራችኋለን!" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ ምን ብለን እንደምንመልስ ያስጠነቀቀን እሱ ነው።

እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቼ ነበር። ወይዘሪቷ አማርኛ የማይችሉትን ሰዎች መልስ እንድጽፍ ቅጽና እስክሪብቶ ሰጠችኝና ወደ ሌሎቹ ሄደች። ሊቀ መንበሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

"እስቲ ጉብዝናሽን እንየው፣ አያንቱ" አለኝ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

የአባቴ ተራ ደረሰ። ሊቀ መንበሩን አንድ ሰው ጠርቶት ፈቀቅ ሲል አባቴ ጎንበስ አለና በኦሮምኛ፣ "ቤቴን ያፈረስኩት ጠመንጃ ተደግኖብኝ ነው ብለሽ ጻፊ" አለኝ። ይህን ብጽፍ አባቴ ይታሰራል። ፓምፑም ይቀራል። ጫልቱስ? የሊቀ መንበሩ ጫማ ኮቴ ሲመለስ ሰማሁ። "በፈቃዴ" ብዬ ጻፍኩ።

"ጻፍሽ?" አለኝ አባቴ።

"አዎ፣ አባ።"

አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አሳርፎ፣ እውነት እንደሚያትም ሰው አጥብቆ ተጭኖ ፈረመ።

ፓምፑ ተተከለ። በምርቃቱ ቀን ሊቀ መንበሩ የቅጾቹን ቅጂ ይዞ ወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ "ኦቦ ገመቹ፣ የመጣሁት በፈቃዴ ነው ብለው በጣታቸው ፈርመዋል!" ተጨበጨበ። ገመቹ አባቴ ነው። ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ጀሪካኑን ሞልቶ ትከሻው ላይ አወጣና ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ግማሽ ስንደርስ፣ "ለጫልቱ ብለሽ ነው?" አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"እንግዲያው ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያልኩትን ነው የጻፍሽው። ማንም ቢጠይቅሽ እንዲህ በይ።"

እስከ ዕለተ ሞቱ ያን ነገር ዳግም አላነሳውም።

ጫልቱ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ማገሩን እንደገና ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ፤ ፓምፑ የጤፍ ማሳ መሃል ብቻውን ቀረ። እኔም ዘግይቼ፣ ከኔ በሚያንሱ ልጆች መሃል ተቀምጬ ተማርኩ። ዛሬ ቅጹ በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ ሰንጠረዡ የተስተካከለ ነው። "ነዋሪዎቹ በሙሉ ፈቃዳቸው ተስማምተዋል" የሚለው ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ይቆማል፤ ስልክ አንስቼ ወደ መስክ እደውላለሁ። "አያንቱ ደግሞ ጀመራት" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ሲፈርሙ ከጸሐፊው ኋላ ማን ቆሞ ነበር?