ሮማውያንና የኦጁሉ ማሳ

የመጨረሻው ልጄ ለፈተና ሲያጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበ የሚገባው አይመስለውም። ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የጋምቤላ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ዓሣ ስጠርግ እሱ ከውስጥ ስለ ጥንታዊት ሮም ጦርነቶች ይለፈልፍ ነበር። እዚህ ዘመቱ፣ ያንን አገር ያዙ፣ ድል አደረጉ። ድል አደረጉ ባለ ቁጥር ቢላዋው እጄ ላይ ይቆማል። ሮም የት እንዳለች ካርታ ላይ አሳዪ ብባል ዛሬም እሳሳታለሁ። ሮማውያንን ግን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ ጎረቤታችን ነበር።

ከወሎ በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ስንመጣ ልጅ ነበርኩ። የሰፈርንበት መንደር ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ከተማ ቤት ተከራይቼ መማር ጀመርኩ፤ ዓርብ ዓርብ በተገኘው የጭነት መኪና ወደ ቤት እመለሳለሁ። አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጠው ከአርየት ጋር ነበር፤ የእናቷ ቤት ከእኛ መንደር ዝቅ ብሎ፣ ባሮ ዳር ነው። እሷ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት፣ እኔ አኝዋክኛ የተማርኩት ከእሷ። ሁለታችንም በሌላው ቋንቋ ከስድብ በቀር የሚዋጣልን ነገር አልነበረም።

ያኔ በሰሜን በኩል ያለው ጦርነት ብሶበት ነበር። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስንገባ ሁላችንም ሰርቀን ወደ ወንዶቹ መቀመጫ እናያለን። በየሳምንቱ ይሳሳል። አንዱ ታፍሶ፣ አንዱ ጫካ ገብቶ፣ አንዱ ድንበር ተሻግሮ። እገሌስ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ ነበር፤ መምህራኑም ስም ሲጠሩ መልስ ባጡበት ላይ ሳይቆሙ ያልፋሉ።

የታሪክ መምህራችን ቲቸር ደምሴ ቀጭን፣ ደረቅ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን አልቀለደም።

«ሮማዊው ወታደር መጀመሪያ ገበሬ ነበር» አለ። «ዘርቶ ይዘምታል፣ ለአጨዳ ይመለሳል። ጦርነቱ ቅርብ ሳለ ይኼ ያስኬድ ነበር። ኋላ ባሕር እየተሻገሩ መዋጋት መጣ። ሰውየው ዓመታት ሳይመለስ ይቀራል። ማሳውስ?»

ራሱ መለሰው።

«ጦም ያድራል። ሚስቱ ብቻዋን አትችለውም። ጎረቤት ያለው ሀብታም ይጠቀልለውና በምርኮኛ ያሳርሰዋል። ልብ በሉ፣ ምርኮኛውን የማረከው ያው ዘማቹ ነው። በገዛ እጁ የማረከው ሰው የገዛ ማሳውን ሲቆፍር ይደርሳል።»

«ሲመለስስ ምን ይሆናል፣ ቲቸር?» አለች አርየት። ክፍል ውስጥ አፏን ስትከፍት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚህ መሀል ከውጭ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ወንዶቹ ዴስካቸው ላይ አቀረቀሩ። ቲቸር ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«ሲመለስ ከተማ ይገባል፤ መንግሥት የሚሰፍርለትን እህል ይጠብቃል። ቆይቶ ደግሞ መሬት እሰጥሃለሁ የሚለውን የጦር አለቃ ይከተላል። ለአገሩ መዋጋቱን ትቶ ለአለቃው ይዋጋል። ከዚያማ እርስ በርሳቸው ተላለቁ» አለና ጠመኔውን አስቀምጦ፣ ደወል ሳይደወል ወጣ።

ስንወጣ አርየት ክንዴን ያዘችኝ። «ከዲጃ፣ ወንድሜ ኦጁሉ ጦርነት ሄዷል፣ ሁለት ዓመት። ማሳው ወንዝ ዳር ነው፣ ማንጎው ያለበት። አባትሽ እየመነጠረው ነው። እናቴ አይታለች።»

«አባቴ የሰው መሬት አይነካም።»

«ነክቷል። ወንድሜ ቢመጣ ዝም አይልም። እሱን አውቀዋለሁ። ሰው ይሞታል።»

ያስፈራራችኝ አልነበረም፤ እሷም ፈርታ ነበር። በዚያ ዘመን በሰፋሪና በወንዝ ዳር ሰው መካከል በትንሹም በትልቁም ደም ይፈስ ነበር። የዚያን ዓርብ የጭነት መኪናው ላይ ሆኜ መንገዱ አልገፋ አለኝ። የማንጎ ወቅት ነው፤ ከየዛፉ ሥር የረገፈው እየፈላ የሚሸተው ሽታ እስከ መኪናው ድረስ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ዶማ እየሳለ አገኘሁት። በሬዎቻችንን የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ ፈጅቶብን በዶማ መቆፈር ከጀመረ ወዲህ «ከእጅ አይሻል ዶማ» እያለ ሳይረግመው ውሎ አያውቅም።

«አባ፣ ወንዝ ዳር ያለው መሬት ባለቤት አለው» አልኩት።

«ባለቤት ያለው መሬት ሁለት ክረምት ጦም ያድራል? ወሰን የለው፣ ፈር የለው።»

ለወሎ ገበሬ መሬት የሚናገረው በወሰን ድንጋይና በፈር ነው። ማንጎ ዛፍ የባለቤት ምልክት ይሆናል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። የሮማውያኑን ነገር ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኩት። «ሮም ደግሞ ከደሴ ወዲህ ነው ወዲያ?» ብሎ አላገጠብኝ። እናቴ የቀቀለችውን በቆሎ እየፈለፈለ፣ እየሳቀ ያዳምጠኝ ነበር።

«የወሎውን መሬታችንንስ አሁን ማን እያረሰው ይሆን?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። የያዘውን በቆሎ መልሶ ሰሐኑ ላይ አኖረው። «ወላሂ፣ ዘማች መሆኑን አላወቅኩም» አለ። ቀጥሎም «የዘማች ማሳ አይነጠቅም፤ ይታረስለታል» አለ። በአገራችን የዘማች ቤት ማሳ በደቦ ይታረሳል፤ ቤተሰቡ አይጠየቅም፣ ውለታም አይባልም። አባቴ ጥፋቱን በአንድ ቀን የሚሽርበት መንገድ ያገኘ መሰለው። እኔም እፎይ አልኩ።

እሑድ ጠዋት የመንደሩ ወንዶች ዶማቸውን ይዘው፣ እያዜሙ ወንዝ ዳር ወረዱ። የአርየት እናት ዜማውን ሰምተው ከቤት ወጡ። ልጃቸው ማሳ ላይ ያን ሁሉ ሰው ሲቆፍር አዩ። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብለው ሙሾ ጀመሩ።

ዜማው ተቋረጠ። አርየት ከእናቷ ኋላ ደርሳ ተረጎመችልን። «ሞቷል ወይ ትላለች። በሕይወት ያለ ሰው ማሳ ላይ እንዲህ ሆኖ አይገባም ትላለች። ቀበሌ ነግሯችሁ ነው ትላለች።»

አባቴ ጥምጣሙን ፈትቶ አጠገባቸው አፈር ላይ ተቀመጠ። «አልሞተም በያት። ሲመጣ እንዲበላ ነው በያት።»

እናትየው ትክ ብለው አዩት። አርየት ደጋግማ አስረዳቻቸው። በመጨረሻ ተነሥተው የአባቴን ዶማ ከእጁ ተቀበሉና ከእኛ ራቅ ብለው፣ ከወንዙ በኩል መቆፈር ጀመሩ። እንባቸው አልቆመም፤ ዶማውም አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ማሳው አንድም ወቅት ጦም አላደረም። ኦጁሉ የተመለሰው ያ መንግሥት ወድቆ ጦሩ ሲበተን ነው። ብዙ ሰፋሪ ነፍሱን ለማትረፍ እየሸሸ ነበር። አባቴ ግን «የሰው አደራ ሳላስረክብ አልሄድም» ብሎ እምቢ አለ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጡ ሲባል እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ሣር ውስጥ ገባች። እኔ አባቴን ብቻውን መተው አልቻልኩም።

ኦጁሉ ክላሹን እንዳነገተ ማሳው ውስጥ ገባ። በቆሎው ከቁመቱ ይበልጣል። ጓደኞቹ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ አንዱን አለቃ ይሉታል። እናቱ ወደ አባቴ እያመለከቱ በቋንቋቸው አወሩለት። አንድ እሸት ቀንጥሶ ሸለቀቀና ፍሬውን አየ። ከዚያ ወደ እኛ መጣ። ወደ አባቴ ተጠጋሁ።

«አባት፣ እግዜር ይስጥህ» አለ፤ ጦር ሰፈር የተማረው አማርኛ ከእህቱ ይልቅ ይቀናው ነበር። «መሬቱን ግን እናቴ ትያዘው። እኔ ይኼን ረስቼዋለሁ።»

«እጅህ ያስታውስሃል ልጄ» አለው አባቴ።

«እጄ ሌላ ለምዷል።»

አለቃው ከመንገድ ጠራው። ኦጁሉ እናቱ የሠሩትን ሳይቀምስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። አርየት ዛሬ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ፊት ፊቱን እንደምታይ ነግራኛለች። ወንድሟ ቢኖር አሁን ሽማግሌ ነው። እሷ ግን የምታየው ወጣቶቹን ነው።

እኛ ያን ጊዜ መሬቱ ከተጠበቀ ሰውየው የሚመለስ መስሎን ነበር። ቲቸር ደምሴም የነገረን የማሳውን ነገር ነው፤ ማሳው ሳይነካ ገበሬው ሊጠፋ እንደሚችል አልነገረንም። ምናልባት እሱም አያውቅም ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የሰይድ ልጅ ከግንባር በደህና ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ገባ፤ እኔም ገባሁ። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተቀምጧል። ሰይድ አንድ ጋት መሬት ሳያስነካ እንደጠበቀለት ለእንግዳው ሁሉ ያወራል። ነገ በማለዳ ወደ እርሻ ይዞት እንደሚወጣ ሲነግረኝ፣ «ተው እንጂ ሰይድ፣ ትንሽ ይረፍ» አልኩት።

ሰይድ ልጁ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ካረፈ ይሄድብኛል» አለኝ።