የአባቴ አውራ ጣትና እርካቡ

የፈረስ በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የአባቴ የቀኝ እግር አውራ ጣት አበጠ። በእኛ በአዊ የድሮ ፈረሰኛ ጫማ አያውቅም፤ አውራ ጣቱን ብቻ የእርካቡ ቀለበት ውስጥ ሰክቶ ነው የሚጋልበው። አባቴ ደግሞ በዚያ ዓመት እንጅባራ ሜዳ ላይ ፊት መሪ እንዲሆኑ ተመርጠው ነበር። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ «አረጁ» ያላቸው ሰው ግን ወዮለት።

ጣቱ ቀይ ሥር መሰለ። ነጠላ ሲነካቸው እንኳ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ጎረቤቱ ብርድ ነው፣ ምች ነው ይላል። እኔ ከሁሉ የባስሁ አዋቂ ነኝ። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ሕመሙ ይተዋቸዋል፣ ሲፈታ ይነሣባቸዋል። ይህን በዓይኔ እያየሁ «ጾሙ አድክሟቸው ነው» ብዬ ደመደምሁ። ጠዋት ጉበት ጠበስሁ፣ ማታ ቅልጥም ቀቀልሁ፣ ጠላውን በላይ በላዩ ቀዳሁ።

«በቃኝ፣ ልጄ» ይላሉ።

«ይብሉ እንጂ፣ አባዬ! በባዶ ሆድዎ ሊጋልቡ ነው?» ብዬ እቆጣለሁ። እሳቸውም እኔን ፈርተው ይጎርሳሉ።

በአምስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚታቸውም አበጠ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ባለሙያው ደማቸውን አስመርምሮ ምን እንደሚመገቡ ጠየቀ። እኔ እየኮራሁ ዘረዘርሁለት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሪህ ነው» አለ። «ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ ጨው ይጠጥርና መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። በዘርም ይመጣል፣ ኩላሊት ሲደክምም ይመጣል። ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ ጠላና አረቄ ደግሞ ያብሱታል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን አዘዘልዎ?»

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድሁ።

«ራሴ ነኝ ያዘዝኋት» አሉ አባቴ።

ከዚያ ወዲያ ሽሮና ውኃ ሆነ። ኪኒኑ እብጠቱን ቢያጎድለውም አልጨረሰውም።

የበዓሉ ዕለት ፈረሱን ጭነን ሜዳው ዳር ደረስን። ልጓሙን የያዝሁት እኔ ነኝ። አባቴ ጣታቸውን ወደ ቀለበቱ አስጠጉ። ብረቱ ገና ሲነካቸው ፊታቸው በላብ ራሰ። ደገሙ። ሠለሱ። ከዚያ እግራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

ጓደኞቻቸው በፈረስ ከበው ይጠብቃሉ። «ምነው፣ ምን ሆኑ?» አላቸው አንደኛው።

ሁሉን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ጨበጡኝ።

«አረጀሁ» አሉ።