ሟች የሌለበት ድንኳን

ትናንት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ የለቅሶው ድንኳን አሁንም እንደቆመ ነው... ሠልስት ወጥቶ፣ ለቀስተኛ ተበትኖ፣ ድንኳኑ ብቻ ቀርቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቃሊቲ ውስጥ በሰፈራችንና በትምህርት ቤቱ መካከል ያለው አስፋልት ከመጋዘን የሚወጡ ተሳቢዎች የሚከንፉበት ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ ተገጭቶ እስካሁን ያነክሳል። ብሬከር ይሠራልን ብለን ወረዳ ተመላልሰን ጫማችን አለቀ። «ይታያል» ይሉናል... ይኸው ሲታይ ዓመት ሞላው። እኔም በየጠዋቱ የልጄን እጅ ጨምድጄ ነው የምሻገረው። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል።

ታዲያ ሰሞኑን እማማ ፋናዬ አረፉና እድራችን ድንኳኑን የአስፋልቱን ግማሽ አስይዞ ተከለው። ሹፌር የቱንም ያህል ቢቸኩል ለቅሶ አይደፍርም። ተሳቢው ሁሉ ቀስ አለ። ዘፈኑን የሚያጠፋም ነበር። ልጆቹ እየተጫወቱ ተሻገሩ።

ሊነቀል ነው በተባለበት ዕለት ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ነገ ደግሞ ማን ይሞታል?»

ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ተስፋዬ የልጅቷን ጥያቄ እንዳለ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

እናም ትናንት ድንኳኑ እንደቆመ፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገና ሰላም ሳልላቸው አንዲት መንገደኛ ሴትዮ ከታክሲ ወርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። እንደ ወጉ ተንሰቅስቃ አለቀሰችና እንባዋን እየጠረገች ወደ ጋሽ ተስፋዬ ጠጋ አለች።

«አባቴ... ለመሆኑ የሞተው ማነው?»

«ገና ነው ልጄ» አሏት። «እንዳይሞት ነው የተከልነው።»

ሴትዮዋ ወደ አስፋልቱ ዞረች። አንድ ተሳቢ ፍሬኑን ይዞ ቆሟል፣ ከፊቱ ደብተር ያዘሉ ሕፃናት ይሻገራሉ። እሷም ልትወጣ ነው ስል ተመልሳ ከጋሽ ተስፋዬ ጎን ቁጭ አለች።

ወረዳው እስኪታየው ድረስ እንግዲህ እንዲሁ እንቀመጣለን። የሰፈሬ ሰዎች፣ እስከዚያው እባካችሁ አትሙቱብን... እድራችን ያለው ድንኳን አንድ ብቻ ነው።