ከመዝሙሩ ጋር የቀዳሁት

ባለፈው እሁድ ልጄ አዲሱ ስልኬ ላይ መተግበሪያ ሲጭንልኝ፣ «ፎቶዎችዎን በሙሉ እንዲያይ ይፈቅዳሉ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሳያነብ «እሺ» ሊል ሲል እጁን መታሁት። ደነገጠ። ይደንግጥ!

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ሲግናል በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በሰዎች የስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር እጭን ነበር። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ከእንጦጦ ተንደርድሮ ይወርድና ደጃችንን ጭቃ ያደርገዋል፤ እኛ ውስጥ ተቀምጠን የተጠበሰ በቆሎ እንግጣለን። ገበያ የሚያመጣው የዘፈን ብዛት ስለሆነ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። የደንበኛ ሚሞሪ ሲሰካ፣ ያለበትን ሁሉ ወደ ኮምፒውተራችን ይቀዳል። ለደንበኛው አንናገርም። የሱቁ ባለቤት ፋሲል «አንተ ሰይጣን!» ብሎ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። እኔም ኮራሁ፤ የማልረባ!

መሠረት የምትባል የሆሳዕና ልጅ ደንበኛችን ነበረች። ዘማሪ ናት፤ የምታመጣቸው መዝሙሮች ሌላ ሱቅ አይገኙም። የሚደበድባትን ባሏን ሸሽታ መውጣቷን ሰፈሩ ያውቃል፤ የት እንደተከራየች ግን ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ቀን ባሏ መጣ። የፋሲል የቢራ ጓደኛ ነው። «ናፍቃው ነው፣ ፎቶዋን ይይ» ብሎ ፋሲል ከእሷ ሚሞሪ የተቀዳውን ሁሉ ከፈተለት። እኔ በቆሎዬን መጋጤን ቀጠልኩ። ሰውዬው አንዱ ፎቶ ላይ ቆመ። መሠረት አረንጓዴ በር ላይ ተደግፋ ትስቃለች፤ ከጎኗ ካራ ሰፈር ያለ የአንድ ወፍጮ ቤት ታፔላ ይነበባል።

በሳምንቱ ክንዷ በጀሶ ታስሮ መጣች።

«ፎቶዬን ማን አሳየው?»

«ምናለበት? የገዛ ባልሽ አይደል እንዴ!» አለ ፋሲል።

ዞራም አላየችው። «አንተን ነው የምጠይቅህ። እኔ የሰጠሁህ መዝሙር እንድትጭንልኝ ነው። ፎቶዬን ለምን ወሰድክ?»

«እኔ አይደለሁም፤ ፕሮግራሙ ነው ሁሉንም የሚቀዳው።»

«ፕሮግራሙን ማን ሠራው?»

ወጥታ ሄደች፤ ካራንም ለቀቀች አሉ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ያን ዕለት የተቀዳውን ሁሉ አጠፋሁና ፕሮግራሙን ከዘፈንና ከመዝሙር በቀር ሌላ እንዳይነካ አደረግኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዲት መስመር ነበረች ከፕሮግራሙ የጎደለችው፤ በቆሎዬ ሳይቀዘቅዝ ጽፌ ጨረስኳት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ልጄ እጁን እያሻሸ፣ «አባዬ፣ መተግበሪያውን የሠሩት ሰዎች እኮ ክፉ አይደሉም» አለኝ።

እኔስ መቼ ክፉ ነበርኩ? የመሠረት ክንድ ግን ተሰበረ።