ሜዳ የሌለው ከተማ

ሉፔ በየጠዋቱ ቢላዋዋን ትስላለች። የቄራው ደወል ከመደወሉ በፊት ከሰንሰለቱ ሥር ትቆማለች፤ ግራ እጇ ላይ የብረት ጓንቷን አጥልቃ ስለቱን መሳያው ብረት ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልሰዋለች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትሞክረዋለች። ጥፍሩን ከነከሰ ስሏል፤ ካዳለጠ ገና ነው። ደወሉ ሲደወል ሰንሰለቱ ይንቀሳቀስና የተገፈፉት በጎች ተዘቅዝቀው ይመጣሉ። ወርቹን በአንድ ምት ከጎድኑ ትለየዋለች፤ አንገቱን ትጥላለች፤ ቀና ስትል የሚቀጥለው አፍንጫዋ ሥር ደርሷል። ደሙ በቦት ጫማዎቿ መሃል ወደ ቦዩ ይወርዳል። በባሩንዳ ቄራ ከእሷ የፈጠነ ብልት አውጪ እንደሌለ የሚናገሩት የማይወዷት ሰዎች ናቸው።

ሉፔና ቤተሰቧ ባሩንዳ የመጡት ቤት ፍለጋ ነው። ከዚያ በፊት የሚኖሩት ሲድኒ ዳርቻ፣ እንደ እነሱ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ሰዎች በበዙበት ሰፈር ነበር። ባሏ ሞሴሴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ እሷ እዚያም ቄራ ነበረች። የተከራዩት ቤት ተሸጠና ለአራት ልጆች የሚበቃ ሌላ ቢፈልጉ የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ ኪራዩን አልሞላ አለ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በኮኮናት ወተት ርሶ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለውን ሥጋ እየበሉ ርካሽ ከተማ መረጡ። በባሕሩ ዳር ከተማ ቤቱ ርካሽ ነው፤ ሥራ ግን የለም። በማዕድኑ ከተማ ሥራ ሞልቷል፤ ሠራተኛው የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው። ባሩንዳ ቄራ ነበራት። የራግቢ ቡድንም ነበራት።

የቡድኑ ሊቀ መንበር ክሌም ይባላል። ጎማ ቤት አለው፤ አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በሁለት አቅጣጫ የጠመመ ሰው ነው። በስልክ «ለትልቅ ሰው ትልቅ ቤት አለን» አለ። ቤቱ የቡድኑ ንብረት ነው፤ ከሜዳው ጀርባ፣ አራት መኝታ ክፍል ያለው፣ ጓሮው ለአሳማ የሚበቃ። ኪራዩ ለስሙ ያህል ነው። በምትኩ ሞሴሴ የፊት መስመር ላይ ይሰለፋል።

«እስከ መቼ እንደሚሰጡን ጠይቀው» አለች ሉፔ።

ሞሴሴ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከደነ። «ቤት የሰጠንን ሰው? ነውር አይደለም እንዴ?»

በአገራቸው መሬት የሚሰጠው ሹም ነው። የተሰጠው ሰው ያገለግላል፤ ለሹሙ ድግስ አሳማውን ያመጣል፤ መሬቱም ለልጁ ያልፋል። ሞሴሴ ክሌምን ሹም አደረገው። ክሌም ግን ጎማ ሻጭ ነበር።

ሞሴሴ በዚያን ጊዜ ለራግቢ አርጅቷል። ጉልበቱ ሲታጠፍ ይንቋቋል፤ ሆኖም ኳሱን ታቅፎ ሲነሳ ከፊቱ የሚቆመው ጥቂት ነበር። የፊት መስመር ሥራው አንድ ነው፤ እየሮጡ ከሰው ጋር መጋጨት፣ መውደቅ፣ ተነስቶ መድገም። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሰው የጎድን አጥንት ሰበረ፤ የእሱ ሁለት ጥርስ ወለቀ። ተመልካቹ ከሜዳው ዳር ካለው ቢራ ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ «ትልቁ! የቤት ኪራይህን ክፈል!» እያለ ይጮኻል። ኳስ በያዘ ቁጥር የሚሉት ይህንኑ ነው። ሞሴሴ ይስቃል፤ ሉፔም መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አንድ የእርሻ ልጅ በትከሻው አገጩን መታውና እንደተጣለ በሬ በደረቱ ወደቀ። ውሃ አፈሰሱበትና ተነሳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ወደቀ። ዳኛው ስንት ጣት እንደሚያይ ሲጠይቀው «የማንን?» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀና ጨዋታው ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ መብራት ይጠላ ጀመር። ሻዩን ሁለት ጊዜ አፍልቶ ሁለቱንም ይረሳዋል።

አንድ ጠዋት ጫማውን ፈለገ። አልጋው ሥር አየ፤ መኪናው ውስጥ አየ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴላ ይህን ነግራው ስቃ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ከኋላዋ በሩን በቡጢ መታው። ቡጢው በሩን በስቶ ከጆሮዋ አጠገብ ወጣ። ልጅቷ እዚያው ቆማ የአባቷን እጅ ከእንጨቱ መሃል ደም እያንጠባጠበ ሲንቀሳቀስ አየች። እጁን መልሶ ማውጣት አቃተው። ሉፔ በሥራ ቢላዋዋ ስንጥሩን ቆራርጣ አወጣችለት። ቀዳዳው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ ሰቀለች።

በማግስቱ ጎማ ቤቱ ሄደች። ክሌም የጭነት መኪና ጎማ በብረት እየፈለቀቀ ነበር።

«ክሌም፣ ጭንቅላቱ ተጎድቷል። አይጫወትም።»

«የማን ያልተጎዳ አለ? እኔን አታዪኝም?» ብረቱን አስቀመጠ። «ሐኪም አየው?»

«ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብሏል።»

«እንግዲያው ምኑን አወቅሽ? ስሚኝ ሉፔ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ከኮልባ ከተማ ጋር ነው። ኮልባን እንዴት እንደምንጠላ ታውቂያለሽ። እሱን ይጫወትልኝ፤ ከዚያ እናየዋለን።»

«ካልተጫወተስ?»

ክሌም እጁን በጨርቅ ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሴላ ብስክሌት ጎማ ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም። «ቤቱ የተጫዋች ቤት ነው» አለ። «ይሄን እኔ አይደለሁም የምለው፤ ኮሚቴው ነው።»

ሉፔ ወደ ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ ቆማ ቤቱን አየችው። ልጆቿ በየራሳቸው አልጋ የተኙበት የመጀመሪያው ቤት ነው። ሴላ ግድግዳዋን ቢጫ ቀብታለች። ሉፔ ስልኳን አውጥታ የሞሴሴን ታላቅ እህት መሌያኔን ጠራች፤ የጠራቻት ግን ለጥየቃ ብላ ነው። ምን እንደምትፈልግ አልነገረቻትም። ለራሷም ገና አልነገረችም።

በቶንጋዎች ዘንድ የባል ታላቅ እህት ቃል ከባልም ከሚስትም ቃል በላይ ነው። ወንድም እህቱ በተቀመጠችበት ክፍል አይገባም፤ በፊቷ አይሳደብም፤ እጁን አያነሳም። ለዚህ ነው መሌያኔ በአውቶቡስ መጥታ ሻንጣዋን ሳሎን ስታሳርፍ ሞሴሴ ትራሱን ይዞ በጓሮ በር ወጥቶ ዶሮዎቹ ዘንድ ያደረው። መሌያኔ አጭርና ወፍራም ሴት ናት፤ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ። እንደ አገሯ ልማድ ለክብር ወገቧ ላይ የምትታጠቀውን ሰሌን ሳታስር ከቤት አትወጣም። ሻይዋን ሳትጨርስ ዓይኗ የቀን መቁጠሪያው ላይ አረፈ።

«ያ ምንድነው?»

«የቀን መቁጠሪያ ነው፣ እትዬ።»

«በር ላይ?» ተነስታ ገለጥ አድርጋ አየች። ጣቷን በቀዳዳው ዙሪያ አዞረች። «ይሄስ?»

«በር ነው።»

«በርነቱን አያለሁ።»

ሉፔ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጥርሱን፣ መብራቱን፣ ጫማውን። የክሌምንም ቃል ነገረቻት። መሌያኔ ሳታቋርጥ ሰማች።

«እኔ ተው ብለው ይተዋል» አለች በመጨረሻ። «ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ቤቱም ይሄዳል።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ስለዚህ ካልጠየቅሽኝ አፌን አልከፍትም። ነገ ልጆችሽ መኪና ውስጥ ቢያድሩ፣ አክስታችን ናት ያፈናቀለችን ሲሉ መስማት አልፈልግም። ጠይቂኝ፤ ወይም ሻይ ጨምሪልኝ።»

ሉፔ የቢጫውን ክፍል በር አየች። ከውስጥ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል። ማንቆርቆሪያውን አንስታ ሻይ ጨመረችላት።

ከኮልባ ጋር በተገናኙ ቀን ሜዳው በውርጭ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ኮልባዎችም እንደ ባሩንዳ ቤት እየሰጡ ቶንጋዎችን አምጥተዋል። በፊት መስመራቸው የቆመው ፌኪ ይባላል፤ የሞሴሴ አጎት ልጅ ነው። ከጨዋታው በፊት ተቃቀፉ።

«ቤትህ ስንት ክፍል ነው?» አለ ፌኪ።

«አራት።»

«የእኔ ሦስት ነው። ዛሬ እገልህና እገባበታለሁ።»

«መጀመሪያ ሚስት አግባ!»

ሲሳሳቁ ፊሽካው ተነፋ። የመጀመሪያው ግጭት ድምፅ እስከ ቢራ ቤቱ ሰገነት ተሰማ፤ ሁለት ሰው ወድቆ አንድ ሰው ተነሳ። ያልተነሳውን የባሩንዳ ልጅ ክንዱ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ይዘውት ወጡ። ከዚያ በኋላ ኳሱ የተረሳ መሰለ። ሰው ሰውን እያሳደደ ይጥላል፤ የወደቀውን በክርን ይመቱታል፤ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ የሚሰማው የለም። ሞሴሴ ኳሱን ባገኘ ቁጥር «ትልቁ! ኪራይህን ክፈል!» ይላል ሕዝቡ፤ እሱም ራሱን አቀርቅሮ ይገባል። ቅንድቡ ተተርትሮ አንዱ ዓይኑ በደም ተዘጋ። መሌያኔ ከሉፔ አጠገብ ሰሌኗን ታጥቃ ተቀምጣለች። ሞሴሴ ወደዚያ አቅጣጫ አላየም፤ ማን እንደተቀመጠ አልነገሩትም።

ከዕረፍት በኋላ ፌኪ በትከሻው ጭንቅላቱን አገኘው። ሞሴሴ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ወደቀ፤ እግሮቹ ለብቻቸው ተንፈራገጡ። ከዚያ ተነሳ። ዙሪያውን አየና ሄዶ በኮልባዎች መስመር መሃል፣ ከፌኪ ጎን ቆመ። ሕዝቡ ሳቀ። አንድ የራሱ ቡድን ልጅ «ና ወዲህ፣ አንተ ደደብ!» ብሎ ማሊያውን ሲጎትተው ሞሴሴ ዞሮ አፉ ላይ መታው። ልጁ ወደቀ። ሞሴሴ በላዩ ተንበርክኮ ደገመው፤ ደጋገመው። በበር በኩል እንደወጣው፣ የማን ፊት እንደሆነ የማያውቅ ቡጢ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ተደባለቁ። ተመልካቹም አጥሩን ዘሎ ገባ።

ሉፔ የመሌያኔን ክንድ ያዘች። «እትዬ፣ ያስቁሙት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ያስቁሙት!»

መሌያኔ ቦርሳዋን ለሴላ ሰጠች፤ ሰሌኗን አጠበቀች፤ በአጥሩ በር ገባች። አልሮጠችም። በተተፋው ደምና በተጣለው ጠርሙስ መሃል እየረገጠች አለፈች። መጀመሪያ ያያት ፌኪ ነው፤ በአገራቸው የአጎት ልጅ እንደ እህት ናትና ለእሱም እህቱ ናት። የአንድ የባሩንዳ ተጫዋች አንገት ይዞ ነበር፤ ለቀቀው፤ እጆቹን አወረደና አንገቱን ደፋ። የለቀቀው ሰው ዕድሉን አግኝቶ ከንፈሩ ላይ መታው። ፌኪ እጁን አላነሳም። ደግሞ መታው። ደሙ አገጩን ይዞ እየወረደ ፌኪ መሬት መሬት ያያል። ከሁለቱም ወገን ያሉት ቶንጋዎች አንድ በአንድ አቆሙ፤ የሚመታቸው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን የሚመልሱበት እጅ አጥተው ቆሙ። የማይመልስ ሰው መደብደብ አይጥምምና ሌሎቹም ቀስ በቀስ ዛሉ።

ሞሴሴ በመጨረሻ ቀና አለ። ማን ከፊቱ እንደቆመ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ሲያውቅ በጉልበቱ እንዳለ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ በደም የተነከረውን እጁን ከጀርባው ደበቀ።

የገዛ ወንድምን ፊት ለፊት ማናገር ነውር ነውና መሌያኔ አላናገረችውም። ወደ ፌኪ ዞረች። «ለወንድምህ ንገረው» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ አይጫወትም።»

«እሺ» አለ ፌኪ በተተረተረ ከንፈሩ።

«አንተን ደግሞ ቤት ስደርስ።»

«እሺ፣ እሺ።»

የተመታው ልጅ አገጩ በሽቦ ታሰረ፤ ሞሴሴ በቃሬዛ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ከእንግዲህ መኪና እንዳይነዳ፣ ሌላ ምት ቢያገኘው ላይነሳ እንደሚችል ለሉፔ ነገራት። ክሌም በሦስተኛው ቀን መጣ። በረንዳው ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እህቱ ናት አሉ» አለ።

«እህቱ ናቸው።»

«አባቴን ፈርቼ አውቃለሁ። እህቴን ግን...» ራሱን ነቀነቀ። «ኮሚቴው እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቁ ብሏል። እኔ ሦስት ወር ብዬ ነበር።»

«በሩን እንጠግናለን» አለች ሉፔ።

«የቱን በር?»

አሳየችው። ክሌም ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አየ፤ የራሱን ቡጢ ጨብጦ አስጠጋበትና መልሶ ኪሱ ከተተ። «ተዪው» ብሎ ሄደ።

ማታውን እንደገና ከተማ መረጡ። መሌያኔና ሉፔ ወጥ ቤት ተቀመጡ፤ ከሆስፒታል የወጣው ሞሴሴ ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በበሩ ቀዳዳ በኩል ያዳምጣል።

«ንገሪልኝ ሉፔ፣ ከባሕሩ ዳር ያለው ከተማ ይሻላል» አለ ከውጭ።

«ቡድን አለው?» አለች መሌያኔ ለሉፔ።

«አለው» አለች ሉፔ።

«ተሰርዟል በዪው።»

እንዲህ እያሉ የኪራይ ማስታወቂያዎቹን ሲያገላብጡ አመሹ። በማግስቱ ጠዋት ሉፔ ወልጋራ የሚባል ከተማ ወዳለ ደላላ ደወለች። ቤቱ ለምን ርካሽ እንደሆነ ጠየቀችው። ደላላው የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ መሆኑን፣ ሱቁ መዘጋቱን፣ ልጆች ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ሩቅ እንደሚሄዱ አልደበቃትም።

«የራግቢ ሜዳስ አለ?»

ደላላው ተቅለሰለሰ። «በፊት ነበረ፣ እመቤት። ወጣቱ ሁሉ ስለሄደ ቡድኑ ፈረሰ። አሁን ፍየል ነው የሚግጥበት። ግን እኮ ቤቱ በራሱ...»

«እንወስደዋለን» አለች ሉፔ።

ሴላ ቢጫውን ግድግዳ በነጭ መልሳ ቀባችው። ከእናቷ ጋር ለአንድ ሳምንት አልተነጋገረችም።

ቅዳሜ ዕቃቸውን ይጭናሉ። መኪናውን የምትነዳው ሉፔ ናት፤ ሞሴሴ ከኋላ ከዕቃው ጋር፣ መሌያኔ ከፊት ይቀመጣሉ። ሰኞ ጠዋት ሉፔ በወልጋራ የፍየል ቄራ ሥራ ትጀምራለች።