ከሰበታ ወንዝ ዳር

ቡራዩ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ቀርከሃውን በእሳት ሲያቃኑ ሽታው ልጅነቴን ያመጣብኛል። ሰበታ የሚኖሩት አጎቴ ኦቦ ቶሎሳ፣ እንዲሁ በእሳት እያቃኑ፣ ጫፉን በቢላ እያቀጠኑ፣ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሠሩ ነበር።

የእኔን የጨረሱ ዕለት፣ "ኮቱ፣ ና ልጄ፣ እንሞክረው" ብለውኝ ወንዝ ወረድን። ውኃው ቀልቶ ይከረፋል፤ ዓሦቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከላይ ካለው ፋብሪካ አንድ ዘበኛ እየሮጠ መጣ።

"እዚህ ማጥመድ ክልክል ነው!"

"ለሚያጠምደው ነው ክልክሉ?" አሉት አጎቴ፣ የሞቱትን ዓሦች በዘንጉ እያሳዩት። "የፈጃቸውንስ ማን ይከልክለው?"

ዘበኛው፣ "ታዝዤ ነው፣ አባባ" ብሎ አቀረቀረ።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ ዘንግ አልሠሩም። እኔ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ፣ የፋብሪካው ሰዎች አጥሩ ሥር የተከሉትን አበባ በንጹሕ የቧንቧ ውኃ ያጠጣሉ።